የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

«እማማ፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ፤ ቶሎ ልላክልዎ።»

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለችው ሮብ ገበያ፣ በገበያ ቀን ከሞባይል ገንዘብ ወኪል ደጃፍ ለቆመ ሰው ይህ ንግግር እንግዳ አይሆንበትም። ድንች ወይም ገብስ የሸጡ እናት ከተማ ላለ ልጃቸው ገንዘብ ሊልኩ ይመጣሉ። ስልኩን ለወኪሉ ያቀብሉታል፤ ቁጥሩንም ጮክ ብለው ይነግሩታል፤ ተራ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ወኪሉ ታማኝ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ናቸው። ቢሆንም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የገንዘባቸው ቁልፍ የእርሳቸው ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

አንድ የኢንተርኔት ወይም የስልክ አገልግሎት ለአዛውንቶችና ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ መሆኑን ለመመዘን ረጅም መጠይቅ አያስፈልግም። ሰውየው የምስጢር ቁጥሩን ለማንም ሳይነግር ጉዳዩን ከዳር ማድረስ ይችላል ወይ? ካልቻለ በስልኩና በእርሱ መካከል አንድ ቦታ ተበጥሷል። የት እንደተበጠሰ ማወቅና መቀጠል የሠሪዎቹ ፋንታ ነው።

«ዓይኔ ደከመ» የሚሉት ስንት ናቸው?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ካወጡት ሪፖርት ተወስዶ ለኢትዮጵያ የሚጠቀሰው አሐዝ ግን 17.6 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከአጠያየቅ ነው። ቆጣሪው «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል የሰባ ዓመት አዛውንት ስለ ራሳቸው የተጠየቀ አይመስላቸውም። «ለማየት፣ ለመስማት፣ ዕቃ ለመጨበጥ ይቸገራሉ?» ቢባሉ ግን «ዓይኔማ ከደከመ ሰነበተ» ብለው ይመልሳሉ።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ይህን ይበልጥ ያጠራዋል። ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ነው፤ 11.5 በመቶው ደግሞ ከትራኮማ፣ ያውም የአማራ ክልልን አብዝቶ ከሚጎዳው በሽታ። ከአንድ ዓይነ ስውር ጋር፣ የማየት አቅማቸው የቀነሰ ከሁለት በላይ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ለመጀመሪያው የሚናገር ስልክ ያስፈልጋል። ለሁለተኞቹ ብዙ ጊዜ ትልቅ ፊደልና ደማቅ ቀለም ይበቃል።

ስልክ እንዴት ያነባል?

ዓይነ ስውራን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ጆስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ቀረበ፤ ዋጋው ግን ለብዙዎች የሚቀመስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ኩራንና ጄምስ ቴህ፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ ቶክባክ በአንድሮይድ፣ ቮይስኦቨር በአይፎን ላይ አለ። ተራ የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶክባክንም ይዟል፤ የቀረው ከማስተካከያው ገብቶ ማብራት ነው።

ቶክባክ ሲበራ ጣትን ወደ ቀኝ ማንሸራተት ወደሚቀጥለው ነገር ያሻግራል፤ ሁለት ጊዜ መንካት ይከፍታል። የምስጢር ቁጥር ሲጻፍም ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል፤ ገበያ መካከል ቁጥሩን ለራስ ብቻ መስማት ማለት ነው።

ፕሮግራሙ የሚያነበው ግን እኛ የምናየውን ሥዕል አይደለም። ከሥዕሉ ጀርባ ስልኩ ዝርዝር ይዟል፦ ይህ ቁልፍ ነው፣ ስሙ «ላክ» ነው፤ ይህ መጻፊያ ሳጥን ነው፣ ስሙ «የገንዘብ መጠን» ነው። ስሙን የሚሰጠው አፕሊኬሽኑን የሠራው ባለሙያ ነው። የሚያምር የቀስት ምልክት አስቀምጦ ስም ሳይሰጠው ከቀረ ቶክባክ «ስም የሌለው ቁልፍ» ብሎ ያልፋል። አምስት እንዲህ ያሉ ቁልፎች የተደረደሩበት ገጽ አፉ እንደታሰረ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገለባ ሳይፈቱት አይታወቅም፤ ገንዘብ የሚልክ ቁልፍ ደግሞ እየፈቱ የሚሞከር ነገር አይደለም። መፍትሔው ለባለሙያው አንድ መስመር መጻፍ ነው።

ፊደሉ ፊደል ካልሆነ

በአማርኛ ላይ ከዚህ የባሰ ችግር አለ። ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለሚያየው ሰው አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ሆሄ ነው፤ ስክሪን ሪደሩም የሚያነበው ዝብርቅርቁን ነው። በዚያ ዘዴ የተጻፉ ደንቦች፣ መመሪያዎችና መጻሕፍት ዛሬም በየቢሮው ኮምፒውተር ተቀምጠዋል።

አዲሱ ልማድም ከዚህ አልራቀም። መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያውን በዩኒኮድ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ማኅተም ያደርግበታል፣ በስልክ ፎቶ ያነሳዋል፣ ፎቶውን በቴሌግራም ይለቀዋል። ሰነዱ በዚህ መንገድ ከሚነበብ ጽሑፍ ወደ ሥዕል ተለውጧል። የማዳበሪያ ክፍፍል ቀንም ይሁን የዓይን ሕክምና ዘመቻ፣ ለስክሪን ሪደር «ምስል» ብቻ ነው። ማኅተም ካለበት ፎቶ ሥር ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

ድምፅ

ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ቢደርስም የሚያነበው ድምፅ አማርኛ ማወቅ አለበት። የእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ የተጫነበት ስልክ የግዕዝ ፊደል ሲያገኝ ዝም ብሎ ይዘልለዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው አንባቢ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የብረት ነው፤ የለመደው ግን በፍጥነት ይከተለዋል። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሀ» ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች ደግሞ ለሰው ድምፅ የቀረቡ ናቸው። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን አገልግሎት ጉግል በአማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ማሽኑን የሚያስቸግረው አጻጻፋችን መጥበቅና መላላትን አለማሳየቱ ነው። «አለ» የሚለውን አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል፤ ማሽኑ ግን ይህን የሚማረው በሰው ከተነበበ ብዙ ሰዓት ቅጂ ነው። አጥርቶ የተቀዳና በጽሑፍ የታጀበ የአማርኛ ንባብ በበዛ ቁጥር ድምፁ ይሻሻላል።

በጆሮ መማር ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ ከሚያየው ጋር እኩል ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ትምህርቱ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚሄድ ነውና። ያ ጉባኤ ለዓይነ ስውሩ የተለየ ክፍል አላዘጋጀም፤ ትምህርቱ ከመነሻው እርሱ ሊከተለው በሚችል መንገድ የሚሰጥ ነበር።

ጣት፣ ዓይንና ፀሐይ

የስልክ መስታወት ላይ ስስ የኤሌክትሪክ መስክ አለ። እርጥበትና ጨው ያለው ጣት ሲነካው መስኩ ይዛባል፤ ስልኩም ቦታውን ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ፣ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጣት መስኩን እምብዛም አያዛባውም። ስለዚህ አባት አንድ ጊዜ ነክተው እንቢ ሲላቸው ጫን አድርገው ይይዙታል፤ ስልኩ ያንን ሌላ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደውና ያልጠሩት ዝርዝር ይከፈታል። ነክቶ መያዝ የሚለካበትን ጊዜ ከማስተካከያው ማራዘም ይህን ይቀንሳል። ሠሪው ደግሞ ቁልፎቹን ማስፋትና ማራራቅ ይችላል።

የእርሻ ሥራ የጣት አሻራንም ያደበዝዛል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ምዝገባ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። አሻራው ለጠፋ ገበሬ ወይም ትራኮማ ብሌኑን ለሸፈነበት ሰው ማሽኑ ደጋግሞ «አልተሳካም» ሊል ይችላል። ፋይዳ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት የጎደለውን አካል በልዩ ሁኔታ መዝግቦ ማለፍ ያስችላል፤ መዝጋቢው ይህን ካላወቀ ግን አዛውንቱን ወደ ቤታቸው ይመልሳቸዋል።

ዓይንን በተመለከተ ቁጥር የተቀመጠለት ደንብ አለ። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን፣ ጽሑፉም ሳይበላሽ እስከ እጥፍ እንዲተልቅ ይጠይቃል። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ በደጋ ፀሐይ ሥር ለወጣት ዓይን እንኳ አይታይም። ፊደላችንን በተለይ ማሳነስ አይበጅም፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ቅጥያ ከላቲን ሆሄያት ልዩነት ያነሰች ናትና፣ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት።

ኢንተርኔት በሌለበት

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አፕሊኬሽን ሁሉ ዝም ይላል። እንደ ሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር *127# ያሉ አጭር ኮዶች ግን የሚሄዱት ኔትወርኩ ጥሪ በሚያገናኝበት መስመር እንጂ በኢንተርኔት አይደለም፤ በቁልፍ ስልክም ይሠራሉ።

ድክመታቸው ሌላ ነው። ዝርዝሩ ተነቦ ሳያልቅ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ አዛውንት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ቦታም ጠባብ ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝ ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ ሆኖም ብዙዎች ቦታ ለመቆጠብ አማርኛውን በላቲን ይጽፉታል። ያን ጊዜ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ቅላጼ ያነበንበዋል፤ ቃሉም አይታወቅም።

የተሻለው ምሳሌ ከግብርናው መጥቷል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ነፃ ነው። ገበሬው ደውሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ ያዳምጣል። ታስቦ የተሠራው ለገበሬ ሁሉ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ ያልተማረውም፣ ዓይኑ የደከመውም፣ ዓይነ ስውሩም እኩል ገባበት። ሚሊዮኖች ደውለውበታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር የታወቀ ምክር አለ፦ ምርጫው አስቀድሞ፣ ቁጥሩ በኋላ ይነገር። «1ን ይጫኑ ለገብስ» ሲባል ሰሚው ቁጥሩን የሚሰማው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው፤ «ለገብስ 1ን ይጫኑ» ሲባል ግን የፈለገውን ሰምቶ ቁጥሩን ይይዛል። የአማርኛ ሰዋስው ራሱ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ዝርዝር ካላጣመመው በቀር። የእርጅና የመስማት ድካም በአብዛኛው ቀድሞ የሚነጥቀው ቀጭን ድምፆችን፣ «ስ» እና «ፍ»ን የመሳሰሉትን ስለሆነ ደግሞ ረጋ ያለ ንግግርና «ለመድገም» የሚል ምርጫ ያስፈልጋል።

ድምፅ የማይደርስበት

ሁሉን ወደ ድምፅ መቀየር ግን መስማት የተሳናቸውን ይዘጋባቸዋል። ችግር ሲገጥም «ደውለው ያነጋግሩን» ብቻ የሚል ባንክ ለእነርሱ በር የለውም። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነ ባለሙያ አለ። የሚጎድለው አጫጭር የምልክት ቋንቋ ቪዲዮና የጽሑፍ መልእክት መቀበያ ነው። አንዱ መንገድ ለሁሉ አይሆንም፤ ያው ጉዳይ በዓይንም በጆሮም መድረስ አለበት።

ከፊርማ ወደ ሥራ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በሚነበብላቸው መልክ እንዲያገኙ የቅጂ መብትን የሚያላላው የማራኬሽ ስምምነት አባልም ሆናለች። ግዴታው ተፈርሟል፤ አፈጻጸሙ ያለው ግን በአንድ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ በአንድ የወረዳ ጸሐፊና በአንድ ወኪል እጅ ነው።

ወኪሉ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፦ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ ስልኩን መልሶ ለባለቤቱ መስጠትና ፊቱን ማዞር። ልጆችም ለወላጆቻቸው ስልክ ሲገዙ ፊደሉን አተልቀው፣ የአማርኛ ድምፅ ጭነው ቢሰጡ የወኪሉን እገዛ ግማሽ ያስቀራሉ። መሥሪያ ቤቶች አፕሊኬሽን ሲያሠሩ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ርክክቡ የሚፈጸመው አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነውና አንድ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰው ከመነሻ እስከ መጨረሻ ብቻቸውን ከተጠቀሙበት በኋላ ነው። የፈተናው አበል ለሦስት ሰዎች የአንድ ቀን ክፍያ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም እስከዚያ ድረስ ይቆይ።