ኩሽኔታው ሲታመም ወፍጮው ይናገራል

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቻችን ግማሾቹ ቀሩ። ምን ሆኑ ብለን ጠየቅን። የመንደሩ ወፍጮ ስለ ቆመ፥ እህል ተሸክመው ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል አሉን። የቀሩትም ሌሊቱን በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ አድረዋል። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ኩሽኔታ ነው።

ኩሽኔታ ማለት ሁለት የብረት ቀለበት ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። በመሃላቸው እንደ ብይ ያሉ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ። የውስጡ ቀለበት የወፍጮውን ዘንግ አቅፎ አብሮ ይዞራል፤ የውጭው አይዞርም።

ግራሶ ሲያልቅ፥ አቧራም ሲገባ፥ ብረቱ ይበላል። በቀለበቱ ላይ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለች ጉድጓድ ትወጣለች። ኳስ ባለፈባት ቁጥር ኳ ትላለች። ጋሪ በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ይንገጫገጭ የለ? እንደዚያው ነው።

ሒሳቡን እንይ። ዘንጉ በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል እንበል። ኳሶቹም 8 ናቸው። ጉድጓዷ በውጭው ቀለበት ላይ ከሆነች በሰከንድ ወደ 32 ጊዜ ትመታለች፤ በውስጡ ላይ ከሆነች ወደ 48 ጊዜ። ጆሮ ይህን አይቆጥርም። በትልልቅ ፋብሪካዎች ግን አውራ ጣት የምታክል መሣሪያ በኩሽኔታው ቤት ላይ ይለጥፋሉ። መሣሪያዋ መንቀጥቀጡን ትለካለች። ባለሙያው ቁጥሩን አይቶ፥ ማሽኑን ሳይፈታ፥ የታመመው የቱ ቀለበት እንደሆነ ይለያል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ስንማረው መጀመሪያ አላመንንም ነበር።

በመንደራችን መሣሪያው የለም፤ ጆሮ ግን አለ። ረጅም ካቻቢቴ ወይም ደረቅ ዱላ ይያዛል። ጫፉ በኩሽኔታው ቤት ላይ፥ እጀታው በጆሮ ላይ ይደረጋል። ጤነኛው እንደ ንብ ቀፎ እኩል ያሰማል። የታመመው እንደሚቆላ ሽምብራ ጧ ጧ ይላል። ሁለቱን ኩሽኔታዎች እያነጻጸራችሁ አድምጡ። ነጠላና ጋቢ ግን ወዲያ ይቀመጥ! ቺንግያ ከያዘ አይለቅም።

አንዳንድ ሰው በእጁ ዳስሶ፥ «ካልጋለ ደኅና ነው» ይላል። ስሕተት ነው። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ ድምፅ፤ ትኩሳቱ መጨረሻ ነው። የእኛም ባለወፍጮ ድምፁን ሰምተው ነበር። ግራሶ ጨመሩበት፤ ድምፁ ቀነሰ። ተሻለው ብለው ተዉት። ግራሶ ድምፅን ያፍናል እንጂ ጉድጓድ አይደፍንም። በሦስተኛው ሳምንት ኩሽኔታው ነክሶ ያዘ፤ ዘንጉንም አበላሸ። ቀድሞ ቢለወጥ ኖሮ ወጪው የኩሽኔታው ብቻ ነበር።

ባለወፍጮው ማታ ማታ ከእኛ ጋር ፊደል የሚቆጥሩ ናቸው። አሁን በወፍጮ ቤቱ ምስማር ላይ አንድ ደብተር ሰቅለዋል። ትናንት ስናልፍ እንዲህ የሚል አነበብን፦ «ሰኞ። የቺንግያው ወገን አዲስ ነው፥ ደኅና። የድንጋዩ ወገን ትንሽ ጧ ይላል። ነገ ድጋሚ ይደመጥ።»