«የራሴ ዕቃ ነው» ብቻውን አይበቃም

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የሚያስጨንቀው የቦሌ ጉምሩክ ነው። ሲመለስ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚጠብቀው የአሜሪካ ጉምሩክ እምብዛም አያስብም፤ «ከዚሁ ይዤው የወጣሁትን ማን ምን ይለኛል?» ይላል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይደለም። ውጭ አገር የተሠራ ዕቃ፣ ቀድሞም የተጓዡ እንደነበረ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ወደ አሜሪካ በገባ ቁጥር ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ቻይና የተሠራ ላፕቶፕ፣ ጃፓን የተሠራ ካሜራ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

«ደረሰኙ ከጠፋ አለቀ» የሚሉም አሉ። አላለቀም። ሲሪያል ቁጥር ወይም ሌላ የማይለቅ ምልክት ያለውን ዕቃ ከጉዞ በፊት ለጉምሩክ ሠራተኛ አሳይቶ ፎርም 4457 ላይ ማስመዝገብ ይቻላል። ወረቀቱ እስከተነበበ ድረስ ለሚቀጥሉት ጉዞዎችም ያገለግላል። ሠራተኛው ግን ዕቃውን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ሻንጣው ለአየር መንገዱ ከተሰጠ በኋላ የሚያሳዩት ነገር የለም። ከአሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርት የሚመታበት መስኮት ስለሌለም ጉምሩኩን ፈልጎ መሄድ የተጓዡ ፈንታ ነው።

ወርቅ ሲሪያል ቁጥር የለውም። ለእሱ የግዢ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ ወይም የጌጣጌጥ ባለሙያ የግምት ወረቀት ያስፈልጋል። ትልቁ ስህተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ወርቃቸውን ወስደው አዲስ አበባ የሚያሠሩ ብዙ እናቶች «ወርቁ የኔው ነው፤ እኔ የከፈልኩት የእጁን ብቻ ነው» ይላሉ። የሐብል ማያያዣ ተበጥሶ ከተበየደ ነገሩ ጥገና ነው፤ የወጣው ሐብል ያው ሐብል ሆኖ ተመልሷል፣ ቀረጥ የሚታሰበውም በጥገናው ዋጋ ላይ ነው። አሮጌ አምባር ቀልጦ መስቀል ሆኖ ሲመጣ ግን የወጣው ዕቃ የለም። የገባው ሌላ ዕቃ ስለሆነ በሙሉ ዋጋው ይታያል፤ ግራሙ እኩል መሆኑ አያድነውም። ሜሪላንድ ተገዝቶ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ሆኖ የተሰፋ ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ መስፋት ጥገና አይደለም። ይህን ማንም ቀድሞ ስለማይነግራቸው፣ በቅን ልቦና የተጓዙ ሰዎች ጉምሩክ ፊት ሲደነግጡ ማየት ያሳዝናል።

«በነፃ ነው የተጠገነልኝ፣ ምን አስታውቃለሁ?» የሚለውም ልክ አይደለም። ውጭ አገር የተደረገ ጥገና ወይም ለውጥ ያለክፍያ ቢሆንም ለጉምሩክ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ካልተከፈለበት የሥራው ዋጋ ይገመታል። ይህ ሊያስፈራ አይገባም። ከውጭ የሚመለስ ነዋሪ መስፈርቱን ካሟላ የ800 ዶላር የቀረጥ ነፃ መብት ስላለው፣ ትንሽ ጥገና ብዙውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ይሸፈናል። ቅጣት የሚያመጣው አለማስታወቁ ነው።

ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ «ያለቀረጥ የሚመለሰው የአሜሪካ ምርት ብቻ ነው» ሲባል ይሰማል። ይህ ቀድሞ በአብዛኛው እውነት ነበር። በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የንግድ ማሳለጫ ሕግ ግን መብቱን የትም ለተሠራ ዕቃ አሰፋው። ዕቃው ከአሜሪካ በወጣ በ3 ዓመት ውስጥ፣ ውጭ ሳለ ዋጋው ሳያድግና ሳይሻሻል ከተመለሰ ነፃ ነው፤ ለአሜሪካ ምርት የ3 ዓመቱ ገደብ የለም። ለኤግዚቢሽን ተልኮ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ሲወጣ ቀድሞ የተከፈለበት ቀረጥ ለላኪው ተመላሽ ከተደረገ ግን ሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ የወጪ ሰነዶቹንም እስኪመለስ መያዝ ያስፈልጋል።

ወደ ተጓዡ ስንመለስ፣ ፎርም 4457 አዲስ አበባ ላይ የቀረጥ ነፃ መብት አይሰጥም። የሚያገለግለው ለአሜሪካ ጉምሩክ ነው፤ ቦሌ ላይ የሚሠራው የኢትዮጵያ የጉምሩክ ሕግ ስለሆነ፣ ለጊዜው ገብቶ የሚመለስ ዕቃ እዚያም ሲገባ ለብቻው መመዝገብ አለበት።