የራጅ ሥዕልና የነጋዴ መዝገብ

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ዕቃ ሲያወርድ እጁ ተሰብሮ በኮምቦልቻ ራጅ የተነሣ ሠራተኛ ወደ ደሴ በተላከ ጊዜ ፊልሙን በብብቱ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ፊልሙ የተጨማደደበት ወይም ከቤት የረሳው እንደ ሆነም ሁለተኛ ይነሣል፤ ሁለተኛም ይከፍላል። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ቀረጥ እንደ መክፈል ነው። ይህ ድርብ ወጪ እንዴት ሊቀር እንደሚችልና በነገሩም የነጋዴው ድርሻ ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች በአጭሩ እንገልጻለን።

ራጅ የምንለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጨረር ማለት ነው። ጨረሩን ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ነው፤ ጊዜውም የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት 1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ አንሥቶ አጥንቱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ለብዙ ዘመን በፊልም ላይ ሲታተም ኖረ። ፊልም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ በመድኃኒት ይታጠባል፤ ብርም ስላለበት ዋጋው ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ጉድለቱ ግን ቅጂ የሌለው መሆኑ ነው።

ዛሬ መሣሪያው ሥዕሉን በቀጥታ ለኮምፒዩተር ይሰጣል። ሲሰጥም የሕመምተኛውን ስም፣ የካርዱን ቁጥር፣ ቀኑንና የተነሣውን የአካል ክፍል ከሥዕሉ ጋር በአንድ ጥቅል ያሥራል፤ ይኸውም ጭነትን ከማስጫኛ ሰነዱ ሳይለዩ እንደ መላክ ነው። የጥቅሉ ደንብ ዳይኮም ይባላል። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር የመጀመሪያውን ደንብ በ1985 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሻሽለው ዳይኮም አሉት። ጥቅሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውና ሐኪሙ በጠየቀ ጊዜ የሚያቀርበው ሥርዓት ፓክስ ይባላል፤ ይህም ከነመዝገቡ የተደራጀ መጋዘን ነው።

የጭነቱን መጠን ለሚጠይቅ ነጋዴ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የሲቲ ስካን ሥዕል ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አንድ ሕመምተኛ አምስት መቶ ሥዕል ቢነሣ 250 ሜጋባይት ይሆናል። ይህንን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመላክ ከሦስት ደቂቃ ተኩል የማይበልጥ ጊዜ ይበቃል። በቀን ሃያ ሰው የሚያነሣ ሐኪም ቤት ግን በቀን 5 ጊጋባይት፣ በዓመት ከ1,800 ጊጋባይት በላይ ያከማቻል። እንግዲህ ከመላኩ ይልቅ ብዙ ማሰብን የሚጠይቀው ማስቀመጡ ነው።

ስለ ማስቀመጥ ካነሣን በቤታችን የደረሰውን እናገራለሁ። እኔ የንግድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አሠሪዬ በሳንባቸው ላይ አንዲት ነጥብ ታይታ ሐኪሙ «ያለፈውን ዓመት ሥዕል አምጡና ላመሳክር» አላቸው። ሥዕሉን ያነሣው ሐኪም ቤት ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ነበር፤ ሁለተኛ ቅጂም አልነበረም። ነጥቧ የቆየች ትሁን አዲስ ለማወቅ ሦስት ወር ቆይቶ እንደ ገና መነሣት ግድ ሆነ። በመጨረሻው የቆየ ጠባሳ መሆኗ ታወቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ወራት ሰውየው እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ የታዘዘም ዕቃ አልነበረም። እኔ ለአንድ ተራ ደብዳቤ እንኳ ቅጂ ሳላስቀር አልልክም፤ ለሰው ሳንባ ቅጂ አለመቀመጡ ያስገርመኛል።

ከተሞቻችንም ይህንን ትምህርት በመከራ አይተውታል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋልም። መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የሕመምተኛ የቆየ ሥዕል ግን በገንዘብ አይገኝም። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ከተማ መቀመጥ ይገባዋል።

ሥዕልን ወደ ሩቅ መላክ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ክረምት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በርቀት ሕክምና ተገናኝቶ ነበር። የራጅ ሥዕል አንባቢ ሐኪም በየከተማው እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ የኮምቦልቻን ሥዕል በደሴ፣ የደሴንም በአዲስ አበባ ማስነበብ ትልቅ ጥቅም አለው።

የሕክምና ዕቃ የሚያስመጡ ወገኖቻችን በውላቸው እነዚህን ነጥቦች ቢያስገቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው በዳይኮም ደንብ ከሌላ ፋብሪካ መሣሪያ ጋር እንዲነጋገር በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ውሉ ሲያበቃ ሥዕሎቹ ሁሉ ለሐኪም ቤቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲመለሱ ይጻፍ፤ አለዚያ ዕቃው በሰው መጋዘን ተይዞ ይቀራል። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚያቆይ ባትሪ፣ መለዋወጫና ባለሙያ አብረው ይቅረቡ። የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡ ባለ ሱቆችም ማከማቻ ዲስክና ባትሪ የሚፈልግ አዲስ ደንበኛ እንዳለ ይወቁ።

ከዚህም በቀር ፊልሙን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ የተለመደ ሆኗል። በችግር ቀን ቢረዳም ደቃቃውን ምልክት ያጠፋል፤ የሰውንም ምስጢር ላልተገባው ዓይን ይሰጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

ነጋዴ ጭነቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ሰነዱ እንዲደርስለት ይጥራል። የተሰበረው ሠራተኛም ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ፣ ሥዕሉ ቀድሞት በሐኪሙ ፊት ተዘርግቶ እንዲጠብቀው መጣር የሁላችንም ፋንታ ነው።