አስፋልት ቦርቡሮ አሽከርካሪን የሚያነቃው ማሽንና የአርሲ ደጋ መንገድ

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የአሰላ ከተማ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከአዳማ ተነስቶ የአዋሽን ወንዝ በመሻገር በዴራና በኢተያ በኩል ወደ ከተማዋ የሚያደርሰው ዋና መንገድ በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከስምጥ ሸለቆው ቆላማ ስፍራ ወደ ደጋ ይወጣል። ከአሰላም በሳጉሬና በበቆጂ አልፎ ወደ ባሌ ያመራል።

መንገዱ በስንዴና በገብስ ምርቱ የሚታወቀውን የአርሲን አካባቢ ከማዕከላዊ ገበያ ያገናኛል። እህል የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎችና የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች ይመላለሱበታል፤ በመኸር ወቅት ደግሞ ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ ይዘዋወሩበታል። ጋሪዎች፣ የቤት እንስሳትና እግረኞችም የዚሁ መንገድ ተጠቃሚዎች ናቸው።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የአሽከርካሪ መዘናጋት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አሽከርካሪው ለ2 ሰከንድ ብቻ ቢያንቀላፋ ተሽከርካሪው ከ44 ሜትር በላይ ያለ ተቆጣጣሪ ሄደ ማለት ነው። ይህም ከመንገዱ ለመውጣት ወይም ከፊት ለፊት ከሚመጣ ተሽከርካሪ ጋር ለመጋጨት ከበቂ በላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በ2016 ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል 26 ነጥብ 7 የሚሆኑት በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። አደጋውን ለመቀነስ ከሚወሰዱት የምሕንድስና መፍትሔዎች አንዱ በአስፋልት ላይ ተከታታይ ጎድጓዳዎችን መቦርቦር ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ራምብል ስትሪፕ የሚባለው ይህ የማንቂያ መስመር ጎማ ሲያልፍበት ከፍተኛ ድምፅና ንዝረት ይፈጥራል። ንዝረቱ በመሪውና በወንበሩ በኩል ለአሽከርካሪው ስለሚደርስ ዓይኑን የጨፈነ ወይም ሐሳቡ የተበተነ ሰው ይነቃል።

ዘዴው ለዓለም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ጋርደን ስቴት ፓርክዌይ በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ድምፅ የሚሰጡ የመንገድ ትከሻዎች በሥራ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ዘዴው በስፋት ሊዳረስ የቻለው አስቀድሞ በተሠራ አስፋልት ላይ ጎድጓዳዎችን በፍጥነትና በእኩል ልክ የሚቦረቡር ማሽን ከተገኘ በኋላ ነው።

የማሽኑ ዋነኛ ክፍል በአግድም የሚሽከረከር የብረት ከበሮ ነው። ከበሮው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ሲሆን በዙሪያው ጫፋቸው ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ ጠንካራ ጥርሶች ተሰክተውበታል። በናፍጣ ሞተር እየተሽከረከረ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ጥርሶቹ ንጣፉን ፍቀው የሳህን ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ያወጣሉ። በዚህ ጊዜ የሚረጨው ውኃ ጥርሶቹን ያቀዘቅዛል፤ አቧራንም ይቀንሳል።

ማሽኑ ወደፊት እየተጓዘ ከበሮውን በእኩል ርቀት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። በአንዳንዶቹ ማሽኖች ይህን የሚፈጽመው ሆን ተብሎ ክብነቱ የተዛባ መሪ ጎማ ሲሆን፣ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ከበሮውን ያነሣዋል፤ ይጥለዋልም። በሌሎቹ ሥራው በሃይድሮሊክ ኃይልና በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይከናወናል።

የተለመደው ጎድጓዳ ከመንገዱ አቅጣጫ አንጻር አግድም 40 ሴንቲ ሜትር፣ በጉዞ አቅጣጫ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት እና 13 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ከ3 ሺህ 300 በላይ ጎድጓዳዎች ይወጣሉ። ከአዳማ እስከ አሰላ ባለው ርቀት አንድ መስመር ብቻ ቢቦረቦር ቁጥራቸው ወደ 250 ሺህ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ሜትርም 2 ሜትር ኩብ ገደማ የአስፋልት ፍቅፋቂ ስለሚወጣ ከማሽኑ በስተኋላ መጥረጊያ ተሽከርካሪ ሊከተል ይገባል።

የከፍታው ሁኔታም በዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ሲል ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። በመሆኑም በአሰላ ከፍታ ላይ ጉድለቱ ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። ለደጋ ሥራ ማሽን ሲገዛ ወይም ሲከራይ በወረቀት ላይ የሠፈረውን የፈረስ ጉልበት ብቻ መመልከት በቂ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘዴው ጠቀሜታ በጥናት ተረጋግጧል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው ከከተማ ውጭ ባሉ ባለ ሁለት መስመር መንገዶች ትከሻ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች፣ አንድ ተሽከርካሪ ከመንገድ በመውጣቱ የሚደርሱ የሞትና የአካል ጉዳት አደጋዎችን በ29 በመቶ ቀንሰዋል። በመንገዱ መሐል የተቦረቦሩት ደግሞ የፊት ለፊትና ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች የጎን ለጎን ግጭቶች የሚያስከትሉትን ሞትና የአካል ጉዳት በ44 በመቶ ዝቅ አድርገዋል።

ይህ ውጤት ግን ማሽኑን በማስገባት ብቻ አይገኝም። በቅድሚያ መመርመር ያለበት የመንገዱ ንጣፍ ውፍረት ነው። በኢትዮጵያ በርካታ መንገዶች የተሠሩት በአስፋልት ኮንክሪት ሳይሆን ሬንጅና ጠጠር በሁለት ዙር በማልበስ ነው። የዚህ ዓይነቱ ልባስ ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ 13 ሚሊ ሜትር ሲቦረቦር ግማሽ ያህሉ ይነሣል። እንደ አርሲ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውኃ በዚያ በኩል ወደ ታችኛው የመንገድ አካል ከሰረገ ሕይወት ለማዳን የተሠራው ሥራ መንገዱን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል። የተሰነጠቀና የደከመ አስፋልትም አስቀድሞ ሳይጠገን መቦርቦር አይገባውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመንገድ ትከሻ ተጠቃሚዎች ናቸው። በአርሲ የመንገድ ትከሻ የእግረኛ መንገድ፣ የጋሪ መሄጃና የሯጮች መለማመጃ ጭምር ነው። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ በየዕለቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ነው። ትከሻውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጎድጓዳ ጋሪንና ብስክሌትን ወደ ተሽከርካሪ መስመር ያስገባቸዋል፤ አንዱን አደጋ ለማስቀረት ሲባልም ሌላ አደጋ ይፈጠራል።

ለዚህም መፍትሔ አለው። መስመሩ ለጠርዙ ቀለም ተጠግቶ እንዲቦረቦር፣ ጥልቀቱ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል እንዲሁም በየ12 ወይም በየ18 ሜትሩ 3 ነጥብ 6 ሜትር ገደማ ያልተነካ መተላለፊያ እንዲተው ማድረግ ይቻላል። ትከሻው በጣም ጠባብ በሆነበት ስፍራ የመሐል መስመሩን ብቻ መቦርቦር ይመረጣል። ድምፁ የነዋሪዎችን እንቅልፍ እንዳይነሣም መስመሩ ወደ ከተሞችና መንደሮች ከመድረሱ በፊት መቋረጥ ይኖርበታል።

ማሽኑ በማይገኝበት ወይም ንጣፉ በማይፈቅድበት ቦታ ሌሎች አማራጮች አሉ። አዲስ አስፋልት ሳይቀዘቅዝ፣ የብረት ቱቦ የተበየደበትን ሩሎ በላዩ በማስኬድ ጎድጓዳዎችን ማተም ይቻላል፤ ሆኖም ጥልቀቱ እንደ አስፋልቱ ሙቀት ስለሚለያይ ጥብቅ ክትትል ይጠይቃል። በከተማ መግቢያዎች ላይ መንገዱን አቋርጠው የሚነጠፉት ከፍ ያሉ መስመሮችም የአሽከርካሪውን ትኩረት ይስባሉ። እነዚህ ግን በከባድ ተሽከርካሪ ጎማ እየተበሉ ስለሚሄዱ በየጊዜው መታደስ አለባቸው። የተቦረቦረው መስመር በአንጻሩ ንጣፉ እስካለ ድረስ ያገለግላል።

ስለዚህ የመንገድ ባለሥልጣናት፣ የትራፊክ ፖሊስና የወረዳ አስተዳደሮች ከማሽኑ ግዥ ወይም ኪራይ በፊት በጋራ ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ተሽከርካሪዎች ከመንገድ የሚወጡትና ፊት ለፊት የሚጋጩት በየትኞቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው? በእነዚያ ቦታዎች የአስፋልቱ ውፍረት ምን ያህል ነው? በትከሻው ላይስ የሚጓዘው ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ በፖሊስ የአደጋ መዝገብ፣ ሁለተኛው ከንጣፉ በሚወሰድ ናሙና፣ ሦስተኛው ደግሞ በገበያ ቀንና በትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት በሚደረግ ቆጠራ ይገኛል።

ሥራው በሚከናወንበት ጊዜም አንዱ የመንገድ ክፍል ስለሚዘጋ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን አስቀድሞ መትከልና ትራፊክ አስተናባሪዎችን መመደብ ግድ ይላል። ከተጠናቀቀ በኋላ ጎድጓዳዎቹ በፈሳሽ ሬንጅ በስሱ ቢቀቡ ውኃ እንዳይሰርግ ይረዳል። የመሐል መስመሩ ቀለም በጎድጓዳዎቹ ላይ በድጋሚ ሲቀባ ደግሞ በምሽትና በዝናብ ወቅት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ማሽኑ በአንድ ቀን በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ቦርቡሮ ሊያልፍ ይችላል። የሚተወው መስመር ከአርሲ ደጋ ስንዴ ጭኖ የሚወርደውን አሽከርካሪ የሚያነቃ፣ በዳር የሚሄደውን ተማሪና ባለ ጋሪ ደግሞ የማያፈናቅል እንዲሆን የሚያደርገው ግን ከማሽኑ በፊት የሚሠራው ጥናት ነው።