ከሁለት እግር ወደ ሦስት እግር

ወንድሜ ሆይ፤ በሮቤና በጎባ መካከል ባለው 14 ኪሎ ሜትር ላይ ለዓመታት በሞተር ብስክሌት ስትመላለስ ኖረህ፣ አንድ ማለዳ ስትሮክ ግራ ጎንህን ቢያደክመው ምን ታደርጋለህ? ሞተር ብስክሌት ሲቆም ደግፎ የሚይዘው የነጂው እግር ነው፤ ማርሹም የሚገባው በግራ እግር ነው። ባጃጅ ግን በሦስት እግሩ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ሆኖም ከመግዛትህ በፊት መሪውን ያዝ። በተለመደው ባጃጅ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። የደከመው ግራ እግርህ ብቻ ከሆነ ትችለዋለህ፤ ግራ እጅህም ከሆነ ግን ችግሩ አልተፈታም። መንዳት እንደምትችል አስቀድሞ ሐኪም ይመርምርህ፤ ዓይንህንም አስመርምር። የባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃድ አውጣ። ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ በኩርባ ላይ አትፍጠን፤ ይገለብጥሃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ልብ ነው። እህቴ ሆይ፤ ባልሽ ዝም ሲል የተቆጣ አይምሰልሽ፤ ያጣውን እየቆጠረ ይሆናል። አንተም ሐዘንህን ለሚስትህ ንገራት፤ ብቻህን አትሸከመው።

ያዕቆብ ጭኑ ተነክቶ ካነከሰ በኋላ ኤሳው እንዲቀድመው ለምኖ፣ እርሱ በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ተጓዘ። በሞተሩ ለብቻህ ትፈጥን ነበር፤ በባጃጁ ግን ሚስትህና ልጆችህ ከኋላህ ተቀምጠዋል። ቀስ ብለህ ንዳ፤ አብራችሁ ትደርሳላችሁ።