ቤዙ የት ጠፋ?
ስለ ቤዝ ጊታር ዕቃና ስለ መድረክ ድምፅ ጥቂት ምክር

በየኮንሰርቱ ማግስት በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ የማይቀሩ ሁለት ወቀሳዎች አሉ። አንዱ «ቤዙ ጭራሽ አልተሰማም» የሚል ነው። ሌላው «ቤዙ ዘፋኟን ዋጣት» የሚል ነው። የሚገርመው ሁለቱም ስለ አንድ ምሽትና ስለ አንድ ተጫዋች የሚነገሩበት ጊዜ መኖሩ ነው። አዳራሹ መሀል የተቀመጠው አልሰማሁም ይላል፣ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመው ደግሞ ጆሮዬ ደነቆረ ይላል። የቤዚስቱም መልስ የታወቀ ነው፤ «አምፑ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ትልቅ ይገዛልን!»

የዚህ ጽሁፍ ዓላማ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአምፑ ትንሽነት እንዳልሆነ ማሳየት ነው። ድምፅ ከክሩ ተነስቶ አድማጩ ጆሮ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ያልፋል። መንገዱ ሳይጠራ ጉልበት ብንጨምርበት የሚጨምረው ብልሽቱ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው ጀምረን ደረጃ በደረጃ እንየው።

1. የቤዝ ድምፅ ጠባይ

ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ወፍራሙ የኢ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ማለትም 41 ኸርዝ ነው። ባለ አምስት ክሩ ላይ ያለው የቢ ክር ደግሞ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የኢ ክር አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ያልፋል። ብዙ የመለማመጃ ክፍሎች ይህን ያህል ርዝመት የላቸውም! ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ አንድ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለቱ ወቀሳዎች በአንድ ምሽት የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። አምፕ ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ድምፁ የሚያብጠውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የራሳችን ጆሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመሀለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ቀስ ብሎ ሲለማመድ ቤዙ ያንስበትና የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ያንኑ ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣና ድምፁ ሲጨምር ቶኑ ጭቃ ይሆናል። ቶን መስተካከል ያለበት በሚጫወቱበት የድምፅ መጠን ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ኖታ 41 ኸርዝ ብቻ አይደለም። በ82፣ በ124 እያለ ወደ ላይ የሚሄድ ተከታታይ ድምፅ አለው። ጆሮ ከእነዚህ ተነስቶ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል፤ በትንሽ ሬዲዮ እንኳ የቤዙን ዜማ መከተል የምንችለው ለዚህ ነው። የጣቱ አመታት የሚለየውም ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ባለው ድምፅ ነው። ስለዚህ «ቤዙ አልተሰማም» ሲባል የጎደለው ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ሳይሆን ጥራቱ ነው።

2. ከጊታሩ እስከ ሚክሰሩ

ፓሲቭ የምንለው፣ ባትሪ የሌለው ቤዝ የሚያወጣው ምልክት ደካማ ነው። ገመዱ ሲረዝም ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጊታር ገመድ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ደግሞ ጃኩ እንደተሰካ ባትሪውን ይበላል፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት።

ፓሲቭ ቤዙን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ስንሰካው ሌላ ችግር ይመጣል። ተራው የሚክሰር መግቢያ የተሠራው ጠንካራ ምልክት ለሚያወጣ ዕቃ ስለሆነ ጊታሩን ይጫነውና ድምፁን ያደነዝዘዋል። መፍትሄው ዲአይ ቦክስ ነው። ይቺ ትንሽ ሳጥን ደካማውን ምልክት ተቀብላ በሁለት ሽቦ፣ አንዱን የሌላው ግልባጭ አድርጋ ትልከዋለች። መንገድ ላይ የሚገባው ጉርምርምታ በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሚገባ ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ ይሰረዛል። በዚህ ዓይነት ገመድ 50 ሜትር መሄድ ችግር የለውም። በጥቅሉ ለፓሲቭ ቤዝ አክቲቭ ዲአይ፣ ለአክቲቭ ቤዝ ፓሲቭ ዲአይ ይስማማል። አክቲቭ ዲአይ በባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚመጣ 48 ቮልት ይሠራል። ይህ ምክር ቤዝ ክራርንም ይመለከታል። በተለይ ፒዬዞ ፒክአፕ የተለጠፈበት ክራር ዲአይ ከሌለው ቀጭን የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል።

ዲአይ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማወቅ የሞታውን ቅጂዎች ማዳመጥ ይበቃል። ጀምስ ጄመርሰን በ1960ዎቹ በዲትሮይት ስቱዲዮ ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዙን ይቀዳ የነበረው በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየሰካ ነው።

3. ጉርምርምታና የመሬት ገመድ

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ወፍራሙ ጂ ኖታ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ጉርምርምታውን በኢኩዋላይዘር እንቁረጥ ብንል ኖታችንንም አብረን እንቆርጣለን። መድኃኒቱ ከምንጩ ማጥፋት ብቻ ነው። የመድረኩን ዕቃ ሁሉ ኧርዝ ካለው ከአንድ ሶኬት ማብላት፣ የድምፅ ገመድን ከመብራት ገመድ ማራቅ፣ ዲአዩ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት ማብሪያ መሞከር ይቻላል። ይህ ማብሪያ የሚለያየው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ እንጂ የመብራቱን ስላልሆነ አደጋ የለውም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ጉርምርምታው ይጠፋል» ተብሎ የፕላጉ የኧርዝ እግር ሲቆረጥ፣ ወይም ሦስት እግር ያለው ፕላግ ወደ ሁለት በሚቀይር አዳፕተር ሲሰካ ይታያል። በእርግጥ ድምፁ ጸጥ ሊል ይችላል። ነገር ግን አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ በክሩ በኩል ያለው መብራት መውጫ የሚያገኘው በእናንተ ሰውነት ነው። ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ ወረዳው ይዘጋል። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ በትክክል ያልተያዘለት ማይክ ነክቶ ነው።

ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ወንፊት ላይ ማሳረፍ ነው። ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የተጠጋ ካልሆነ ማንም አይንካ! የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ። ኮንሰርቱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

4. አምፕና ስፒከር

የአምፕ ዋት ያታልላል። 100 ዋት የነበረውን 200 ብናደርገው የምናገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» የሚለው ዓይነት። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል፣ ይህም አሥር እጥፍ ጉልበት፣ 1000 ዋት ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት ስንት አምፕ ተገዝቶ ይዘለቃል?

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፑ ጀርባ ላይ «ቢያንስ 4 ኦም» ከተጻፈ ሦስተኛ መጨመር አምፑን ማቃጠል ነው። ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደውም ገመድ ወፍራሙ የስፒከር ገመድ ይሁን፤ የጊታር ገመድ ለዚህ አልተሠራም።

ከሁሉም በላይ ግን የአምፑን አቀማመጥ አስቡበት። መሬት ላይ የተቀመጠ አምፕ የሚጫወተው ለተጫዋቹ ባት ነው። ጆሮው ጋ ስለማይደርስ ተጫዋቹ ይጨምራል፣ አዳራሹም ይሰጥማል። አምፑን ጠንካራ ወንበር ላይ አውጡት ወይም ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። በግማሽ ድምፅ ራሳችሁን ትሰማላችሁ፤ ለአዳራሹ የሚሆነውን ለሳውንድ ማኑ ተዉለት።

5. ሳውንድ ቼክ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

ሀ. በኮንሰርቱ ላይ የምትመቱትን ያህል ጠንክራችሁ ምቱ። ሳውንድ ማኑ ጌይኑን ቀዩ መብራት እንዳይበራ አድርጎ ይያዝ። በቼክ ላይ ለስለስ ብሎ መድረክ ላይ የሚደበድብ ቤዚስት ሁሉንም ሥራ ያፈርሳል።

ለ. ኢኩዋላይዘሩ ሁሉ መሀል ላይ ይሁን። መጀመሪያ መቀነስ፣ ከዚያ መጨመር። ከ35 ኸርዝ በታች ያለው ባብዛኛው ንዝረት ስለሆነ ይቆረጥ። ድምፁ ከታፈነ ከ200 እስከ 300 ኸርዝ አካባቢ ይቀነስ።

ሐ. ከድራመሩ ጋር ብቻ ተጫወቱ። በ6/8 ችክችካ ላይ ኪኩና ቤዙ አንድ ቦታ ከተጋፉ ሁለቱም ይጠፋሉ። አንዱ ከታች ሲይዝ ሌላው ትንሽ ከፍ ይበል። ከቅንብሩም መማር ይቻላል፤ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተባቸውን ቅጂዎች ስታዳምጡ ኖታዎቹን ብቻ ሳይሆን ዝም የሚልባቸውን ቦታዎችም ቁጠሩ።

መ. አንድ ጓደኛ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ይስማ። ደግሞም ሰው ሲሞላ ቀጭኑ ድምፅ በልብስና በሰውነት ይዋጣል፣ ወፍራሙ ግን እምብዛም አይነካም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ልክ የነበረ ቤዝ ማታ ሊበዛ ስለሚችል ትንሽ አንሶ ይጀመር።

ስለ ጆሮም አንድ ቃል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።

6. ገንዘብ ሲገኝ ምን ይቅደም?

ገንዘብ ለሁላችንም ያጥራል፣ በዚያ ላይ ዕቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ክር መቀየርና የጊታሩን አንገትና ድልድይ ማስተካከል። ሁለተኛ፣ ቱነርና ሁለት ጥሩ ገመድ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ሦስተኛ፣ ዲአይ ቦክስ። አራተኛ፣ ለትምህርት ክፍሉ የጋራ የሚሆን መልቲሜትር። ትልቁ አምፕ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለመምህሮቻችንና ለዕቃ ክፍል ሠራተኞቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው የዕቃ ግዥ ላይ ከአምፕ በፊት ሁለት ዲአይ ቦክስ ቢገዛና የመለማመጃ ክፍሎቹ ሶኬቶች ኧርዝ በባለሙያ ቢመረመር፣ ወጪው ከአንድ ትልቅ አምፕ ያነሰ ይመስለኛል። ጥቅሙ ግን ለቤዚስቱ ብቻ አይደለም፤ ዘፋኙ፣ ክራሩና ኪቦርዱም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት።