የታጠፈ ሰንጢም ይቆርጣል! የእናንተን ዛሬውኑ ፈትሹት



የዛሬው ርዕስ ትንሽ ለየት ይላል። ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም፤ ስለ ሰንጢ ነው። አዎ፣ ከቁልፍ ጋር ስለሚንጠለጠለው፣ ቦርሳ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ስለሚቀመጠው ተጣጣፊ ቢላዋ። ብርቱካን የሚልጥበት አለ፣ ሽቦ የሚልጥበት አለ፣ ካርቶን የሚከፍትበት አለ።

"ሐኪም ስለ ሰንጢ ምን አገባው?" እንዳትሉኝ። ድንገተኛ ክፍል የምናየው የሰንጢ ቁስል ሁሉ ሰው እየቆረጠ ሳለ የደረሰ አይደለም። አንዳንዱ "ታጥፏል" ተብሎ ኪስ የገባ፣ ግን ጫፉ ብቅ ያለ ስለት ያመጣው ነው። ሌላው ደግሞ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ጣት ላይ የታጠፈ ስለት ያመጣው ነው።

ስለዚህ ሰንጢ ስትገዙ "ይቆርጣል ወይ?" ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ሲታጠፍ እጀታው ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? ሲከፈትስ ጸንቶ ይቆማል ወይ? ለጣታችሁ ወሳኙ ጥያቄ ይኼ ነው።

ቁስሉ ትንሽ፣ ጉዳቱ ትልቅ

መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን እዩ። በዚህ በኩል ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ ስስ ነው። ከዚያ ሥር ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች አሉ። ከአውራ ጣት በስተቀር እያንዳንዱ ጣት ሁለት አጣፊ ጅማት አለው፦ አንዱ መካከለኛውን መገጣጠሚያ ያጥፋል፣ ሌላው የጣቱን ጫፍ። በጣቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ።

ጣት የሚያጥፉት ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችን ላይ ነው፤ ጅማቱ እንደ ገመድ ከዚያ ይጎትታል። ገመዱ ከተቆረጠ ጡንቻው የላይኛውን ጫፍ ወደ ራሱ ስቦ ሊወስደው ይችላል።

ታዋቂው አሜሪካዊ የእጅ ቀዶ ሐኪም ስተርሊንግ በኔል ከመዳፍ ጫፍ እስከ ጣት መካከለኛ አጥንት ያለውን ቦታ "የማንም ያልሆነ መሬት" ብሎት ነበር። ለምን መሰላችሁ? ሁለቱ ጅማቶች እዚያ በአንድ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ተሰፍተው ሲድኑ በቀላሉ ከዙሪያቸው ጋር ይጣበቃሉ። ሰንጢ ጣት ላይ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስታውሳለሁ። መቆለፊያ በሌለው ሰንጢ ጫፍ የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ሊፈለቅቅ ሲሞክር ስለቱ ታጠፈበት። ቁስሉ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ደሙ ሲቆም ጨርቅ አስሮበት ሥራውን ቀጠለ። እኛ ጋ የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። "ዶክተር፣ ቁስሉ እኮ ድኗል፤ ጣቴ ግን አልታጠፍ አለኝ" አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጣ ጅማቱን በቀጥታ መስፋት ይቻል ነበር። በዚያ ጊዜ ግን ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መተካት ሊያስፈልግ እንደሚችል ነግረን ወደ ቀዶ ሕክምና ላክነው። በእጁ ለሚያድር ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለቱን የያዘው ምንድን ነው?

የገበያው ሰንጢ ብዙ ዓይነት ቢሆንም በደንብ ልታውቋቸው የሚገቡት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መቆለፊያ የሌለው ነው። በእጀታው ጀርባ ያለ ሞላ የስለቱን ሥር ይጫነዋል፤ ስለቱ ተከፍቶም ታጥፎም የሚቆየው በዚያ ጫና ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ የሚታወቀው የስዊዘርላንድ የመኮንኖች ሰንጢና ከእሱ የተወለዱት ትናንሾቹ በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋትና ለመፈልቀቅ አልተሠራም። ጫፉን ከገፋችሁት ወደ ጣታችሁ ይታጠፋል።

ሁለተኛው የላሜራ መቆለፊያ ያለው ነው። ስለቱ ሲከፈት በእጀታው ውስጥ ያለ ላሜራ ከኋላው ገብቶ ይደግፈዋል። ሲታጠፍ ደግሞ ላሜራው ላይ ያለች ትንሽ የብረት ኳስ ስለቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ገብታ ትይዘዋለች። ኳሷ ወይም ቀዳዳው ካለቀ፣ ሰንጢው ኪስ ውስጥ ራሱን ሊከፍት ይችላል።

ሦስተኛው ባለ ቀለበት ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 የሚዞር የብረት ቀለበት ጨመረበትና የተከፈተው ስለት እንዳይታጠፍ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ቀለበቱ የታጠፈውንም ስለት እንዳይከፈት ይቆልፈዋል። አያችሁ፣ የተከፈተውን ብቻ መቆለፍ በቂ አይደለም።

አምስቱ ፍተሻዎች

አሁን ሰንጢያችሁን አውጡና የስልካችሁን መብራት አብሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በጣታችሁ እየነካካችሁ አትፈትሹ።

1. ጫፉ ተደብቋል? ሰንጢውን አጥፉና ከጎን እዩት። የስለቱ ጫፍ ከእጀታው ጠርዝ በታች መሆን አለበት። የተጣጠፈ ሶፍት በእጀታው ክፍተት ላይ በቀስታ አሳልፉ። ሶፍቱ ከተያዘ ወይም ከተቀደደ፣ ነገ የሚቀደደው ኪሳችሁ ወይም እጃችሁ ነው።

2. መሃል ላይ ነው? ክፍተቱን ከላይ እዩት። ስለቱ በሁለቱ ጎኖች መካከል መቀመጥ አለበት። በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ችግር የለውም። ብረቱን እየፈተገ የሚገባ ከሆነ ግን ይደነዝዛል፣ ለመክፈትም ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ደግሞ ማዳለጥ ያመጣል። ማዞሪያው ብሎን ያለው ከሆነ በካቻቪቴ ትንሽ ማስተካከል አንዳንዴ ይበቃል።

3. ስለታሙ ጠርዝ ብረት ይመታል? በደንብ የተሠራ ሰንጢ ሲታጠፍ የሚያርፈው በስለቱ ሥር ባለው ያልተሳለ ክፍል ላይ ነው። ጠርዙ ራሱ ሞላውን የሚመታ ከሆነ በታጠፈ ቁጥር ይሸራረፋል።

4. ሲታጠፍ ጸንቶ ይቆያል? የታጠፈውን ሰንጢ ጠረጴዛ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ክፍተቱን ወደ ታች አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ሌላኛው እጃችሁ ራቅ ይበል። ስለቱ ከወጣ ኪስ ውስጥም ይወጣል።

5. ሲከፈት ጸንቶ ይቆማል? ይኼ መቆለፊያ ላለው ብቻ ነው። ጣቶቻችሁን ስለቱ ከሚታጠፍበት መንገድ አርቁና የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ በቀስታ ተጫኑት። መቆለፊያው ከለቀቀ ያ ሰንጢ ሥራው አብቅቷል።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን አጽዱት። የኪስ ብናኝ፣ አቧራና የደረቀ የፍራፍሬ ጭማቂ እጀታው ውስጥ ሲጠራቀም ስለቱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ሰንጢውን ከፍታችሁ በስቴኪኒ ጥረጉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አድርቁትና ማዞሪያው ላይ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ጥሬ ሥጋ የቆረጣችሁበትን ሳታጥቡ ፍራፍሬ አትቁረጡበት፤ ያ ክፍተት ለጀርም ምቹ መደበቂያ ነው።

ጸድቶም ተስተካክሎም ፍተሻውን ካላለፈ አስወግዱት። እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ በወፍራም ካርቶን ጠቅልሉና በፕላስተር እሰሩት። የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹም እጅ እንደ እናንተ እጅ ነው።

ስታጥፉት ደግሞ አትቸኩሉ። መቆለፊያውን የገፋው አውራ ጣት ስለቱ ከመውረዱ በፊት ከመንገዱ ይውጣ፤ ስለቱን በሌላኛው እጃችሁ ከጀርባው ይዛችሁ መልሱት። ልጆች የሚደርሱበት ቦታም አታስቀምጡት።

ከተቆረጣችሁስ?

• ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ተጭናችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉ። ለ10 ደቂቃ "ቆመ ወይስ አልቆመም?" እያላችሁ አትክፈቱት።
• ቀለበት ካደረጋችሁ ጣቱ ሳያብጥ አውልቁት።
• ደሙ ሲቆም በንጹህ የሚፈስ ውሃ እጠቡት።
• የተፈጨ ቡና፣ አመድ ወይም የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። እኔ ራሴ ስንቱን ቡና ከቁስል አጥቤያለሁ መሰላችሁ!
• ጣቱን በክር ወይም በላስቲክ አንቃችሁ አትሰሩት።

ከዚያ ጣቱን ፈትሹ። መጀመሪያ መካከለኛውን አጥንት በሌላኛው እጅ ይዛችሁ ጫፉን ብቻ እጠፉ። ቀጥሎ ሌሎቹን ጣቶች ዘርግታችሁ ያዙና የተጎዳውን መካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ እጠፉ። በመጨረሻ የጣቱን ግራና ቀኝ በጥጥ ነካ ነካ አድርጉና ከሌላኛው እጅ ጋር አወዳድሩ።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦
• ጣቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ
• ሲታጠፍ ደካማ ከሆነ ወይም በጣም ካመመ (ጅማቱ በከፊል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊበጠስ ይችላል)
• ከደነዘዘ
• ከገረጣ ወይም ከቀዘቀዘ
• ደሙ ተጭናችሁት አልቆም ካለ
• ቁስሉ ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ከሆነ

"ቁስሉ ትንሽ ናት፣ ትድናለች" አትበሉ። ቆዳው ይድናል፤ የተቆረጠ አጣፊ ጅማት ግን ካልተሰፋ በትክክል ተመልሶ አይገጥምም። ጥሩ ውጤት የሚገኘው በቀናት ውስጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሰፋ ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንም አትርሱ። መሠረታዊ ክትባቱን ጨርሳችሁ ከሆነ፣ ለንጹህና ቀላል ቁስል የመጨረሻው ክትባት 10 ዓመት ካለፈው፣ ለጥልቅ ወይም ለቆሸሸ ቁስል 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። መቼ እንደተከተባችሁ ካላስታወሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

በሉ እንግዲህ፣ ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰንጢ ከኪሱ የማይለየው ወንድም፣ አባት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ይህንን ሼር አድርጉለት። የእናንተ ሰንጢ ስንተኛው ፍተሻ ላይ ወደቀ? ከታች ጻፉልን።